ተራ በተራ የሚካሄዱ የስትራቴጂ ጨዋታዎችና የዲጂታል ሰሌዳ ጨዋታዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተራ በተራ የሚካሄድ የስትራቴጂ ጨዋታ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዱ ተጫዋች አስቦ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሌላው፣ ሰውም ይሁን ኮምፒውተር፣ ተራውን የሚጠብቅበት ጨዋታ ማለት ነው። በልጅነቱ በሠፈር ደጃፍ ላይ በቆርኪ ዳማ የተጫወተ ወይም ገበጣ ሲጫወቱ ያየ ሰው ሥርዓቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ኮምፒውተር የጨመረው ስፋትን ነው፤ ሰሌዳው በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎች ያሉት የዓለም ካርታ ሊሆን ይችላል፣ ጠጠሮቹም ከተማ፣ ጦር፣ ንግድና ሃይማኖት ሊሆኑ ይችላሉ። የዲጂታል ሰሌዳ ጨዋታ የምንለው ደግሞ በመጀመሪያ በካርቶንና በእንጨት ተሠርቶ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲጫወቱት የነበረ፣ በኋላም ሕጉ ሳይለወጥ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገረ ጨዋታ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአብዛኛው ተመሳሳይ ተጫዋቾች ስላሏቸው እዚህ አብረን እናያቸዋለን።

በፍጥነት ከሚካሄዱት ጨዋታዎች ይልቅ ሰዎች እነዚህን የሚመርጡት ለምንድን ነው?

ጨዋታው ስለሚጠብቃቸው ነው። እጁ ፈጣን ያልሆነ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ልጅ እያሳደገ የሚጫወት ወይም በሥራ መካከል ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያገኝ ሰው በቅጽበት በሚካሄድ ጨዋታ ውስጥ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው፤ ተራ በተራ በሚካሄደው ግን እንደማንኛውም ሰው እኩል ቆሞ ይጫወታል። መብራት በሚጠፋበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ላለ ተጫዋች ይህ ጥቅም እጥፍ ይሆናል። በቅጽበት በሚካሄድ ጨዋታ መካከል መስመር የተቋረጠበት ሰው ተሸነፈ ማለት ነው፤ በቀን አንድ እንቅስቃሴ በሚጠይቅ ጨዋታ ግን መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢመጣም የጎደለ ነገር አይኖርም።

በእኔ አስተያየት ስለነዚህ ጨዋታዎች የሚነሳው ክርክር ሁሉ፣ ስለ ዕድልም ሆነ ስለ ኮምፒውተሩ ብልኃት ወይም ስለ ጨዋታው ርዝመት፣ መነሻው ይኸው ነው። ተጫዋቹ ጊዜ ሰጥቶ አስቦበታልና፣ ሐሳቡ በውጤቱ ላይ እንዲታይለት ይጠብቃል። ሲሸነፍም ምን እንዳጠፋ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የሚያሳየው ጨዋታ ይወደዳል፣ የሚነፍገው ግን ምንም ያህል ቢያምር ቅሬታ ይበዛበታል።

ከሩቅ ካለ ወንድም፣ እኅት ወይም ጓደኛ ጋር መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፤ የዲጂታል ሰሌዳ ጨዋታ ትልቁ በረከትም ይህ ይመስለኛል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ሰው ወደ መኝታው ሲያስብ በአሜሪካ የበጋ ወራት ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ያኛው ሥራ ላይ ነው። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ሰዓት ማገናኘት አስቸጋሪ ነው። እያንዳንዱ በተመቸው ጊዜ አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ስልኩን የሚያስቀምጥበት ጨዋታ ግን ይህን ችግር ያስቀረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ የተጀመረው ቦርድ ጌም አሬና በድር ማሰሻ ብቻ፣ ምንም ነገር ሳይጫን፣ ብዙ የሰሌዳ ጨዋታዎችን ያስተናግዳል፤ ለአንድ ተራ የቀናት ጊዜ ሰጥቶ መጫወትም ይፈቅዳል። ቼዝ ለሚወድ ሰው ሊቼስ በነጻ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀናት የሚወስድበትን ጨዋታ ያቀርባል። እኔ ከአገር ውጭ ከሚኖር ወንድሜ ጋር የምጫወተው ካርካሶንን፣ ተራ በተራ ንጣፍ እያኖሩ ካርታ የሚሠሩበትን የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ጨዋታው 72 ንጣፎች አሉት፤ አንዷ መነሻ ስለሆነች ለሁለታችን ሠላሳ አምስት ሠላሳ ስድስት ተራ ይደርሰናል፤ በቀን አንድ አንድ ብናኖር አንዱ ጨዋታ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከንጣፉ ጋር አንድ አጭር መልእክት ይመጣል፤ «እናታችን ደኅና ናት?» የሚልም ሊሆን ይችላል። ሳንደዋወል የምንሰነብትበት ወር አለ፣ ሳንጫወት የምናድርበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

ጀማሪ ከየትኛው ጨዋታ ቢጀምር ይሻላል?

በስልክ ለሚጫወት ሰው ዘ ባትል ኦፍ ፖሊቶፒያ ጥሩ መግቢያ ነው። በስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ካርታው ትንሽ፣ ሕጉም አጭር ነው፤ በአንደኛው የአጨዋወት ስልት ጨዋታው በ30 ተራ ስለሚያበቃ አንድ ምሽት ሳይሞላ ይጠናቀቃል። ከሰሌዳ ጨዋታዎች መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቲኬት ቱ ራይድ በአሥር ደቂቃ ማብራሪያ የሚገባ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ ካርድ ሰብስቦ የባቡር መስመሮችን በመያዝ ከተሞችን ያገናኛል።

አንድን ሥልጣኔ ከጥንት ጀምሮ ከሚመሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ከሲቪላይዜሽን ወይም እ.ኤ.አ. በ2006 በቼኩ ንድፍ አውጪ ቭላዳ ክቫቲል ከተሠራው ስሩ ዘ ኤጅስ መጀመርን አልመክርም። ሁለተኛው በዲጂታል ቅጂው ያለው የማስተማሪያ ክፍል በተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ጨዋታው ራሱ ከባድ ነውና ሌላ ጨዋታ ካለመደ ሰው ትዕግሥት በላይ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ «95 በመቶ ትመታለህ» ብሎኝ ሳትኩ። ጨዋታው እየዋሸኝ ነው?

በተጫዋቾች መካከል ከሚሰሙት ቅሬታዎች ሁሉ ይህ የተለመደ ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የውጊያ ጨዋታ ኤክስኮም የታወቀበት ጉዳይ ነው። መልሱ ሒሳብ ነው። 95 በመቶ ማለት ከ20 ተኩስ አንዱ ይስታል ማለት ነው። በአንድ ውጊያ ውስጥ 20 ጊዜ በዚህ መጠን የተኮሰ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሳት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ መሳቱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እኛ ግን የመታነውን 19 ረስተን የሳትነውን አንዱን እናስታውሳለን።

ጨዋታ ሠሪዎቹ ይህን የሰው ጠባይ አሳምረው ያውቁታል። ፋየር ኤምብለም በተባለው የውጊያ ጨዋታ ተከታታይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ክፍል ጀምሮ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ኮምፒውተሩ ሁለት ቁጥር አውጥቶ አማካያቸውን ይወስድ ነበር፤ በዚህም የተነሳ 90 በመቶ ተብሎ የሚታየው በእውነቱ 98 በመቶ ያህል ነው። በኤክስኮም 2 ውስጥም በቀላሎቹ ደረጃዎች ተጫዋቹ ደጋግሞ ሲስት የመምታት ዕድሉ በስውር ከፍ ይልለታል። እንግዲህ ጨዋታው በዋሸበት ቦታ ሁሉ የዋሸው ለተጫዋቹ አዝኖ ነው። አንዳንዶች ይህን ደግነት ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ የታየኝ ቁጥር እውነተኛ ካልሆነ በቁጥሩ ላይ ተመሥርቼ ያወጣሁት ዕቅድ ዋጋ የለውም፣ ሽንፈቴም ሆነ ድሌ ምንም አያስተምረኝም።

በካታንም ተመሳሳይ ክርክር አለ። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ይህ የሰሌዳ ጨዋታ በሁለት ዳይስ ላይ የቆመ ነው፤ ዳይሱ ያወጣው ቁጥር ባለበት ቦታ አጠገብ መንደር የሠራ ሰው ጥሬ ዕቃ ያገኛል፤ ከ36ቱ የዳይስ ጥምረቶች 7 በስድስቱ፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በአምስቱ፣ 2 እና 12 ደግሞ በአንድ በአንድ ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ በ8 ላይ መንደሩን የሠራ ሰው ጥሩ አድርጓል፤ ሆኖም በተከታታይ አሥር ጊዜ ዳይሱ ተጥሎ 8 አንድም ጊዜ ሳይወጣ የመቅረቱ ዕድል 22 በመቶ ያህል ነው። ዲጂታል ቅጂውን «ዳይሱ የተበላሸ ነው» እያሉ የሚወቅሱ ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው 22 በመቶ ነው።

ዕድልን ፈጽሞ የማይፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ኢንቱ ዘ ብሪች ይሞክር። ውጊያው በስምንት በስምንት ሰሌዳ ላይ ይካሄዳል፤ ጠላት በሚቀጥለው ተራ የትኛውን ቦታ እንደሚመታ አስቀድሞ ይታያል። የተጫዋቹ ሥራ የታየውን ጥፋት ማክሸፍ ነው። በዚህ ጨዋታ ከተሸነፍኩባቸው ተራዎች በአብዛኞቹ ላይ ስህተቴን በጣቴ ጠቁሜ ማሳየት እችላለሁ፤ ለዚህም ነው ደጋግሜ የምመለስበት።

በከባድ ደረጃ ላይ ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል የሚባለው እውነት ነው?

በሲቪላይዜሽን ጉዳይ አዎ፣ በግልጽ ተጨማሪ ይሰጠዋል። በስድስተኛው ክፍል ዴይቲ በተባለው የመጨረሻ ደረጃ ተጫዋቹ በአንድ ሰፋሪ፣ ማለትም ከተማ በሚመሠርት አንድ ጠጠር፣ ሲጀምር ኮምፒውተሩ በሦስት ይጀምራል፤ ምርቱም ሆነ የጦሩ ኃይል ከፍ ይደረግለታል። ለሁለቱም ወገን ጭማሪ የሌለበት ደረጃ ፕሪንስ የተባለው ነው።

«ቼዝን ያሸነፈ ማሽን ይህን እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የቼዝ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5፣ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ጎ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ማሸነፋቸው እውነት ነው። ነገር ግን በቼዝ በአንድ ተራ የሚንቀሳቀሰው አንድ ጠጠር ነው፤ በሲቪላይዜሽን ግን በአንድ ተራ አሥራ አምስት ከተማና ሠላሳ ጦር ሊታዘዝ፣ ከዚያም ላይ የንግድና የዲፕሎማሲ ውሳኔ ሊጨመር ይችላል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በተራ ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መታሰብ አለበት። ለተቃዋሚው ጭማሪ መስጠት ለሠሪዎቹ ቀላሉ መፍትሔ ሆኗል። ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚያዝኑት በመሸነፋቸው ሳይሆን የከፍተኛው ደረጃ ጨዋታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ኋላ ቀርተው ይቆያሉ፣ መካከሉ ላይ ይደርሱበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚያሰጋ ነገር አይኖርም።

ከሲቪላይዜሽን ክፍሎች የትኛው ይሻላል?

እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሠሪው በሲድ ሜየር ስም የሚወጣው ይህ ተከታታይ ሰባት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ተጫዋቾቹም በአንዱ ተስማምተው አያውቁም። ትልቁ መለያያ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አምስተኛው ክፍል ነው። እስከ አራተኛው ድረስ ሰሌዳው ባለ አራት ጎን ነበር፣ በአንድ ቦታም የፈለጉትን ያህል ጦር መከመር ይቻል ነበር፤ ስለዚህ ጦርነት ማለት ትልቁን ክምር ይዞ መምጣት ማለት ሆኖ ቀረ። አምስተኛው ክፍል ሰሌዳውን ባለ ስድስት ጎን አድርጎ በአንድ ቦታ አንድ ተዋጊ ጦር ብቻ እንዲቆም ደነገገ። ወንዝ፣ ኮረብታና ጠባብ መተላለፊያ ዋጋ ያገኙት ያን ጊዜ ነው። በአንጻሩ ኮምፒውተሩ ይህን አዲስ ሰሌዳ በቅጡ መያዝ አልቻለም፤ ቀስተኞቹን ከፊት፣ እግረኞቹን ከኋላ እያሰለፈ ይመጣል። አራተኛውን የሚያወድሱ ሰዎች «ቢያንስ ተቃዋሚው መዋጋት ይችል ነበር» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ተገቢ ነጥብ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ያስነሳው ክርክር ከዚህም የበረታ ነው። ጨዋታው በሦስት ዘመናት ተከፍሏል፤ ሲወጣ በየዘመኑ መለወጫ ተጫዋቹ ሥልጣኔውን ትቶ ሌላ ይይዝ ነበር፣ መሪው ግን አይለወጥም ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉበት አንዱ ምክንያት ብዙ ተጫዋቾች የጀመሩትን ጨዋታ ሳይጨርሱ የሚተዉ መሆናቸው ነው፤ ያሸነፈ ሰው ለመቶ ተራ ያህል «ቀጥል» የሚለውን መጫን ይሰለቸዋል። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ እኔም ያልጨረስኳቸው ጨዋታዎች ከጨረስኳቸው ይበልጣሉ። መፍትሔው ግን ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም፤ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ አንድን ሕዝብ ይዞ እስከ ጠፈር ማድረስ የዚህ ተከታታይ ነፍስ ነው ብለው ያምናሉና። አዲስ ለሚጀምር ሰው ስድስተኛውን ከማስፋፊያዎቹ፣ ማለትም በኋላ ከወጡለት ተጨማሪ ይዘቶች፣ ጋር እመክራለሁ፤ በቅናሽ ዋጋ ደጋግሞ ስለሚቀርብ ጠብቆ መግዛት ይቻላል።

ኢትዮጵያ በነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ አለች?

አለች፤ ለእኛ ተጫዋቾችም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአራተኛው የሲቪላይዜሽን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች። በአምስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ተወከለች፤ ሁለቱም መሪዎች በአማርኛ ይናገራሉ። በሰባተኛው ክፍል የመጀመሪያው ዘመን ውስጥ አክሱም ይገኛል።

በአምስተኛው ክፍል ኢትዮጵያ የዓድዋን መንፈስ የሚያወሳ ልዩ ችሎታ አላት፤ ከራሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ጦሯ 20 በመቶ ይጠነክራል። «መሐል ሰፋሪ» የተባለው ጦሯም ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። ስለዚህ በጥቂት ከተሞች ተወስኖ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ መጫወት ያዋጣል። በስድስተኛው ክፍል ምኒልክን የያዘ ሰው ከተሞቹን በኮረብታ ላይ ቢመሠርት ከእምነት ገቢው 15 በመቶ ያህሉን በሳይንስና በባህል ጭምር ያገኛል፣ ጦሩም በኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል፤ ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም በተራራና በኮረብታ አጠገብ ሲሠራ ይበልጥ ያፈራል። ብዙ ተጫዋች ለከተማው ሜዳና ወንዝ ሲፈልግ ኢትዮጵያን የያዘ ሰው ደጋ ይፈልጋል። ስለ አገራችን መልክዐ ምድር በጨዋታ ሕግ ከተነገሩት ሁሉ ይህን እጅግ እወደዋለሁ።

በሰሌዳ ጨዋታ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በኋላ ዲጂታል የሆነው ትዋይላይት ስትራግል አለ። በቀዝቃዛው ጦርነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ከሚሻሙባቸው የአፍሪካ አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ሶማሊያ ይገኙበታል። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነትን ያዩ ቤተሰቦች ያሉት ሰው ያንን የካርታ ክፍል ሲያይ የተለየ ስሜት ይሰማዋል።

ከካርቶኑና ከዲጂታሉ ቅጂ የቱ ይሻላል?

እንደ ጨዋታው ነው። በካርካሶን ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሜዳዎችን ነጥብ መቁጠር ለረጅም ጊዜ የተጫወቱ ሰዎችን እንኳ የሚያጣላ ነበር፤ ዲጂታሉ ግን በቅጽበት ያሰላዋል፣ ሕግ የጣሰ እንቅስቃሴም አይቀበልም። በሌላ በኩል ግን ሕጉን ኮምፒውተሩ የሚያስከብርለት ሰው ሕጉን ሳይማር ሊቀር ይችላል፤ መቶ ጊዜ የተጫወተውን ጨዋታ በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉለት ነጥቡን መቁጠር የሚያቅተው ተጫዋች አጋጥሞኛል። አንዳንድ ቅጂዎች የቀሩትን ንጣፎች ዘርዝረው፣ ምንም ንጣፍ የማይገጥምበትን ቦታም ምልክት አድርገው ያሳያሉ። ይህን ማስታወስ የችሎታ አካል ነው የሚሉ አሉ፣ አስተሳሰብን ከማስታወስ ሸክም ነጻ ያወጣል የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ዋናው ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ዓይነት እርዳታ ማግኘታቸው ነው።

ካታን ግን በስክሪን ላይ ግማሽ ነፍሱን ያጣል። «ጡብ ስጠኝ፣ በግ ልስጥህ» የሚለው ድርድር፣ ልመናውና ቁጣው በአዝራር አይተካም።

ሴቭ አድርጎ፣ ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለስ ነውር ነው?

ብቻውን ለሚጫወት ሰው አይደለም። ለመማር አንድን ውሳኔ በሁለት መንገድ መሞከር ጠቃሚ ነው። ዳይሱ እስኪያምር ድረስ ደጋግሞ መመለስ ግን ጨዋታውን ባዶ ያደርገዋል፤ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ደግሞ ሁለቱም አስቀድመው ካልተስማሙበት አይገባም።

በውጭ አገር የክፍያ ካርድ መክፈል ለማይችል ሰው ምን አለ?

ብዙ አለ። ዘ ባትል ፎር ዌስኖዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ ፈጽሞ ነጻ የሆነ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ በቀን የሚበረቱና በሌሊት የሚበረቱ ወገኖች ስላሉት መቼ ማጥቃት እንዳለበት ማወቅ ለተጫዋቹ ትልቅ ትምህርት ነው። ፍሪሲቭ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የሲቪላይዜሽን ዓይነት ጨዋታ ነው። ዩኒሲቭ ደግሞ የአምስተኛውን የሲቪላይዜሽን ክፍል ሕግ ተከትሎ ለአንድሮይድ ስልክ የተሠራ ነው፤ ምስሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን በአሮጌ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከነዚህም ሁሉ አብልጬ የምመክረው እርሱን ነው። በቦርድ ጌም አሬና ላይም አንዳንዶቹ ጨዋታዎች ከፋይ የሆነ ሰው ሲከፍታቸው ያልከፈለው ጓደኛው መቀላቀል ይችላል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ አንድ ሰው መክፈሉ ይበቃል።

ገበጣና የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በዲጂታል ይገኛሉ?

በስልክ መደብር ውስጥ «ማንካላ» ተብለው የሚገኙት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ካላህ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 አንድ አሜሪካዊ ያወጣውን ሕግ የሚከተሉ ናቸው። ጠጠር መዝራቱ ያው ነው፤ ነገር ግን የእኛ ገበጣ በሁለት ረድፍም በሦስት ረድፍም የሚጫወቱበት፣ ሕጉም ከአካባቢ አካባቢ የሚለያይ በመሆኑ አያቶቹ ያስተማሩትን ጨዋታ በዚያ የሚፈልግ ሰው ቅር ይለዋል። የቦታው ሕግ በየቦታው ተመዝግቦ ቢሠራ ለፕሮግራም ከባድ ጨዋታ አይደለም።

ሰንጠረዥ ግን በእውነት ያስቸግራል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ቀለም በሌለው፣ በመስመር ብቻ በተከፋፈለ ጨርቅ ላይ ይካሄድ ነበር፤ መጀመሪያውም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፣ ያነሳውን ይመልሳል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ነው። የቼዝ ፕሮግራም ወስዶ ጠጠሮቹን «ፈርዝ» እና «ፊል» ብሎ መሰየም ይህን አይተካውም፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ ጀምሮ ተራ ስለሚያስጠብቅ ወረራ የሚባለው ክፍል በሙሉ ይጠፋል። እንዲሠራ ከተፈለገ ሁለቱም እጆች በአንድ ሰሌዳ ላይ በቅጽበት የሚታዩበት መክፈቻ፣ ከዚያም የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ራሱን ወደ ተራ በተራ የሚቀይር ሰዓት ያስፈልገዋል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል አንባቢ ካለ፣ ሥራውን ከዚህች ሽግግር ቢጀምር የቀረው የታወቀ ነው።